የዳገቱ ደብተር

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ጉለሌ ካለው ክር ፋብሪካ በር ስደርስ የሸራ ጫማ ተጫምቼ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የምደባ ደብዳቤዬን በፖስታ ይዤ ነበር። ዘበኛው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ጨዋታ ቅዳሜ ነው፣ ዛሬ የለም» ብሎ ሊመልሰኝ ነበር። የኳስ ዳኛ መስዬዋለሁ። ደብዳቤውን ሳሳየው ማኅተሙን ብቻ አይቶ አስገባኝ።

የፋብሪካውን ስም አልጽፍም። አብረውኝ ከሠሩት ውስጥ በሕይወት ያሉ አሉ፣ የሞቱትም ልጆች አሏቸው።

ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ነው። ሠርቶ አደሩ ከሥራ በፊት ሩብ ሰዓት ስፖርት ይሥራ የሚል መመሪያ ከላይ ወረደና ጥቂቶቻችን ከየትምህርት ቤቱ ተለቅመን ወደ ፋብሪካ ተላክን። የእኔ ማዕረግ «የሠራተኞች ስፖርት አስተባባሪ» ተባለ። የተሰጡኝ ዕቃዎች ሁለት ኳስ፣ አንድ የኳስ መንፊያ፣ አንድ የሩጫ ሰዓትና የተሰነጠቀ ጥቁር ሰሌዳ ናቸው።

ጠረጴዛዬ የተቀመጠው ፖለቲካ ክፍል ውስጥ ነው፣ ከካድሬው ከጓድ ታደለ ፊት ለፊት። «ስፖርት ማንቃት ነው፣ እኛም የምናነቃ ነን፣ አብረን እንቀመጥ» አለኝ። በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ ፈገግታ ከፊቱ አይጠፋም። አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ ሲጮህ አልሰማሁትም። ይህን የምጽፈው ላመሰግነው አይደለም።

በማግስቱ የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞችን ግቢው ውስጥ አሰለፍኩና ፊሽካዬን ነፋሁ። አስዘለልኳቸው፣ እጅ አስወረወርኳቸው፣ ሃያ ቁጭ ብድግ አሠራኋቸው። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የመፍተያ ክፍል ፎርማን የነበሩት ጋሽ ከድር እጄን ይዘው ከታሰረው የጥጥ እስር፣ ከባሌው ላይ አስቀመጡኝ። ጋሽ ከድር በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው በዚያ ማሽን ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ዊንጌት አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት።

«አሠልጣኝ፣ እነዚህ ሴቶች ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆመው ነው የሚውሉት። አንተ ደግሞ በጠዋቱ ቁጭ ብድግ ታሠራቸዋለህ። ምን አድርገውህ ነው?» አሉኝ።

አፈርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ቁጭ ብለው የሚውሉ ተማሪዎችን መሆኑን ያን ጊዜ ገና አሰብኩት። ሳምንቱን ሙሉ ከማሽን ማሽን እየዞርኩ የትኛው ሠራተኛ በየትኛው ጅማቱ እንደሚሠራ ጻፍኩ። ፈታዮቹ ይቆማሉ፣ የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ ቀኝ ክንዳቸው ተሰቅሎ ይውላል። አሻጊዎቹ ጎንበስ ቀና ሲሉ ይውላሉ፣ የሚያልቀው ወገባቸው ነው። ለእያንዳንዱ የተለየ እንቅስቃሴ አወጣሁ። ቆመው ለሚውሉት ጆንያ አነጠፍኩና በጀርባቸው አስተኝቼ እግራቸውን ግድግዳ ላይ አሰቀልኳቸው።

ጓድ ታደለ ሲያልፍ አየና ጠራኝ። «ይሄ ስፖርት ነው እንቅልፍ?»

«እግር ላይ የተጠራቀመው ደም ይመለሳል» አልኩት።

«ደሙ ይመለስ፣ ግን ቆመው ይመለስ። እንግዳ ሊመጣ ይችላል።» ፈገግ እንዳለ ሄደ። እንግዳ በሚመጣበት ቀን ቁጭ ብድግ እንሠራ ነበር፣ በሌላው ቀን እንተኛለን።

ሴቶቹ ቀስ በቀስ ይነግሩኝ ጀመር። የአንዷ ወገብ፣ የሌላዋ የእግር ሥር፣ የሦስተኛዋ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችው ውርጃ። ሁሉንም በደብተሬ እጽፍ ነበር። በማሠልጠኛ ሳለን ያስተማሩን እንዲያ ነው፤ ያልተጻፈ ሥልጠና እንዳልተሠራ ይቆጠራል። እኔም በጽሕፈቴ እኮራ ነበር፣ መስመሩ የቀና፣ ሰንጠረዡ በማስመሪያ የተሠመረ።

ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ሳሙኤል ይባላል። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፣ እዚህ ግን አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ዳገት ላይ የተዋወቁትን ሰው አንቱ እያሉ ማስታወስ አልሆነልኝም። ማሽን በድምፁ የሚያውቅ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ «አራተኛው ታሟል» ካለ አራተኛው ታሟል ማለት ነው።

ቁጣው ግን አገር ያውቀዋል። ወደ አዳራሹ ሲወርድ «መጣ» የምትለዋ ቃል ከእሱ ቀድማ ጥግ ትደርስ ነበር። አንድ ቀን አንዱን አሻጊ ጠዋት አባረረው፣ ቀትር ላይ መለሰው፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና አባረረው። ጋሽ ከድር ሦስቱንም ደብዳቤዎች አሳይተውኛል። ፊርማዎቹ የአንድ ሰው አይመስሉም፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከላይ የምርት ዕቅድ ይመጣል፣ መለዋወጫ ግን አይመጣም። በየስብሰባው ለምን አነሰ ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ጆንያ እንዲፈቅድልኝ ቢሮው ገባሁ።

«ጆንያ? ማሽኔ በኩሽኔታ እጦት ቆሞ አንተ ሰው የምታስተኛበት ጆንያ ትለኛለህ?» የስልኩን እጀታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ውጣልኝ!»

መውጣት ነበረብኝ። ግን ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሮ፣ ጣቶቹ እስክሪብቶ መያዝ አቅቷቸው አየሁና የመምህርነት አመሌ ያዘኝ።

«ኢንጂነር፣ ትናንት ስንት ሰዓት ተኙ?» አልኩት።

ይመታኛል ብዬ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «እንቅልፍ ካየሁ ሳምንቴ ነው» አለ።

«እጅዎን ይስጡኝ።» ሰጠኝ። የሩጫ ሰዓቴን ይዤ የልብ ምቱን ቆጠርኩ። ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው የሚሆን ምት አልነበረም፣ ገና ሩጫ ጨርሶ የገባ ሰው ምት ነው። እንዲያ እንደሆነ ነገርኩት።

«መድኃኒት አለህ?»

«መድኃኒት የለኝም። ዳገት ግን አለ።»

በማግስቱ ሰዓት እላፊው ካበቃ በኋላ፣ ገና ወገግ ሲል ፋብሪካው በር ላይ ተገናኘን። የቆዳ ጫማ አድርጎ፣ ከረባት አስሮ ነው የመጣው። ወደ ቁስቋም የሚያወጣውን መንገድ ይዘን ስንሄድ ግማሽ እንኳ ሳንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ እየወረዱ ነበር። አንዷ ሸክሟ እንደጎበጣት ቆም አለችና «ጌቶቼ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አለች።

«ምንም አልጠፋብንም እናቴ፣ ለጤናችን ነው የምንወጣው» አልኳት።

«ያለ ሸክም ዳገት? አይ ሥራ መፍታት!» ብላ ወረደች። ሳሙኤል ሳቀ። ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያ ቀኔ ነው።

በሥራችን አንድ ደንብ አለ። ዳገት ስትወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጥ መጨረስ ካቃተህ ፍጥነትህን ቀንስ፣ መዝፈን ከቻልክ ጨምር። ስለዚህ ሰልጣኙን እያስወራህ ነው የምታስኬደው። እኔም አስወራሁት። መጀመሪያ ስለ ማሽን፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቹ፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር። ይህን ደንብ የረገምኩባቸው ቀናት አሉ።

ለእሱ ለብቻው ደብተር ከፈትኩ። የመጀመሪያው ዓምድ እንቅልፍ፣ ሁለተኛው የልብ ምት፣ ሦስተኛው የደረስንበት ቦታ፣ አራተኛው የመንፈስ ሁኔታ። ሦስቱን ዓምዶች አሳይቼዋለሁ። አራተኛውን አላሳየሁትም። ካወቀ ይጠነቀቃል፣ ከተጠነቀቀ ደግሞ ትክክለኛውን አይነግረኝም ብዬ ነው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በሳምንት አራት ቀን ወጣን። በሁለተኛው ወር ሳያርፍ ቁስቋም ማርያም ደጃፍ ደረሰ። በሦስተኛው ከባሕር ዛፉ ውስጥ ገብተን ከላይ ከተማዋን ማየት ጀመርን። እንቅልፉ መጀመሪያ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሙሉ ሌሊት ሆነ። ልቡ እንደ ጤነኛ ሰው ልብ መምታት ያዘ። የቆዳ ጫማውን ትቶ የሸራ ጫማ ገዛ፣ ከረባቱንም ቢሮው እስኪደርስ በኪሱ ይይዘው ጀመር።

አንድ ጠዋት የመፍተያው ሮለር ተሰበረ። ሲያጸዳ ጨርቅ ያስገባበት ሠራተኛ ጥግ ቆሟል። ሳሙኤል ወረደ። ሮለሩን ዞሮ አየና «ማሽኑ የሚጸዳው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ፈረቃው ሊያልቅ ሲል» አሉ ጋሽ ከድር።

«ሰው በጣም በደከመበት ሰዓት ማለት ነው። ባለፈው የተሰበረውስ?»

«እሱም ያን ጊዜ ነው።»

ጽዳቱን ወደ ፈረቃው አጋማሽ አዛወረው፣ ለዚያም ማሽኑ እንዲቆም አዘዘ። ጓድ ታደለ ማሽን ማቆም ምርት መቀነስ ነው ብሎ ተቃወመ። ድሮ ቢሆን ቢሮው በጩኸት ይናጋ ነበር። አሁን ግን «አንድ ወር ልሞክረው፣ ካልሆነ ራሴ እመልሰዋለሁ» ብቻ አለ። ሆነም። ስብራቱ ቀነሰ፣ የተባረረው አሻጊም በአራተኛ ደብዳቤ ተመለሰ። ጋሽ ከድር ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር «ምን አጠጥተኸው ነው? ለእኔም ሚስት ቅዳልኝ» ይሉኝ ነበር።

ዳገቱ ላይ ይህን ሳነሳበት ሳሙኤል እንዲህ አለኝ፤ «ድሮ ሰው ሲያናግረኝ እኔ የማዳምጠው የራሴን ጆሮ ጩኸት ነበር። አሁን ጸጥ ይልልኛል። ሰውየው የሚለውን እሰማለሁ።»

ያን ቀን አራተኛው ዓምድ ላይ ቃል በቃል ጻፍኩት።

ስለ ቤቱም ነገረኝ። አባቱ ከወለጋ፣ እናቱ ከጉራጌ ናቸው፣ ቤተሰቡ ጴንጤ ነው። ያደጉበት ቤተ ክርስቲያን ታሽጓል። ሰባኪ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ተይዞ የት እንዳለ አይታወቅም። ስለ ዕቅዱም ነገረኝ፤ ወደ ላይ የሚላከው ቁጥርና መጋዘን ያለው ክር እንደማይተዋወቁ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ዘመን ለሚስትም አይነገርም። እኔ ግን በገዛ ፊሽካዬ «ትንፋሽዎን ለመለካት ይናገሩ» ያልኩት ሰው ነኝ።

አንድ ጠዋት ባሕር ዛፉ ውስጥ የወንድሙን ስም ጠራና ቆሞ አለቀሰ። የማውቀው አንድ ነገር ነውና እጁን ይዤ የልብ ምቱን ቆጠርኩ። ተከትለው የመጡትን ሁለት ሌሊቶች ጥሩ ተኛ። ይህንንም ጻፍኩ፦ «ስለ ወንድሙ አለቀሰ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ።» እንደ አሠልጣኝ ሥራዬ ከጻፍኩት ሁሉ ትልቁ ነገር መስሎኝ ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሄደ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ጓድ ታደለ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሻይ አስመጣልኝ።

«አንተና ጓድ ሳሙኤል በየማለዳው ጫካ ትገባላችሁ ይባላል» አለ።

«ስፖርት ነው።»

«እኔም ስፖርት ነው ብያቸዋለሁ። ግን ሁለት ሰዎች በጎህ ጫካ ሲገቡ ሕዝቡ ያወራል። ጴንጤዎች ቤታቸው ሲዘጋባቸው ተራራ እየወጡ ይጸልያሉ ይባላል። አንተን ለማለት አይደለም። ማስረጃ ቢኖር አፋቸውን እዘጋው ነበር።»

ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ሆኖም ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በቀለለኝ። ደስ ብሎኛልም። ያን ሥራ ሰው እንዲያየው ስመኝ ነው የከረምኩት። ተጽፎ ወደ ላይ ቢሄድ፣ ልምዱ ለሌሎች ፋብሪካዎች ቢተላለፍ፣ እኔም ከዚያች የተሰነጠቀች ሰሌዳ ተገላግዬ ስፖርቱን የሚመራው መሥሪያ ቤት ብገባ እያልኩ አልም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንደኔ ያለው ነው።

መሳቢያዬን ከፈትኩና ደብተሩን ሰጠሁት። መስጠት ብቻም አይደለም፣ አጠገቡ ቆሜ በጣቴ እያመለከትኩ አስረዳሁት። «ይኸው፣ ስብሰባ በነበረ ማግስት ምቱ ይጨምራል። ይኸው፣ ስለ ዕቅዱ ባወራ ቀን እንቅልፍ ያጣል። ይኸው፣ በእግር ጉዞው ይወርድለታል።» ገጽ እየገለጠ በጥሞና አየ። እንደሱ በጥሞና ያነበበልኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም።

«ይሄማ ትልቅ ሥራ ነው። ለጥቂት ቀን ይቆይልኝ» አለ።

ቅዳሜና እሑድ አለፈ። ሰኞ ከሳሙኤል ጋር ዳገት ወጣን። ልንገረው አልኩና ዝም አልኩ። ደብተሩ ሲመለስልኝ እነግረዋለሁ አልኩ በልቤ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ፣ ሆዴ ያውቅ ነበር። ያን ቀን ስለ ሴት ልጁ የትምህርት ውጤት ነበር ያወራኝ።

ረቡዕ በሠራተኛው ክበብ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ታደለ ደብተሬን ይዞ ወጣ። ከሩቅ በልባሱ አወቅሁት። በዚያ ለስላሳ ድምፁ ያነብ ጀመር። «ከዕቅድ ስብሰባ በኋላ እንቅልፍ የለም። ስለ ኮታው ሲያነሳ የልብ ምት ጨመረ። ቁጥሩና መጋዘኑ አይተዋወቁም አለ። ስለ ወንድሙ አለቀሰ።» ደብተሩን ዘግቶ «ጓዶች፣ የአብዮቱ ዕቅድ እንቅልፍ የሚነሳው ሥራ አስኪያጅ ምን ዓይነት ነው? ለታሰረ ፀረ ሕዝብ የሚያለቅስ ሰው ፋብሪካ መምራት ይችላል?» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ ዘነበ፣ ጽሕፈቱ ያንተ ነው?»

ተነሣሁ። «የሕክምና ነገር ነው፣ እንዲሻለው...» ማለት ጀመርኩ።

«ጽሕፈቱ ያንተ ነው ወይ ነው ጥያቄው።»

«አዎ።»

ቁጭ አልኩ። መላው ክበብ ሳሙኤልን እያየ ነበር። እሱ ግን እኔን ነበር የሚያየው። ከዚያ ዓይኑን አነሣና ቆመ። ይጮሃል፣ ወንበር ይወረውራል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም ተመኘሁ። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

«የተነበበው ትክክል ነው» አለ። «ተናግሬአለሁ፣ አልቅሼአለሁም። ማሽኖቹ በቅባት እጥረት እንዳይቆሙ ለነገ የሚያስፈልገውን ለጋሽ ከድር በወረቀት አስፍሬላቸዋለሁ። ሌላ የምጨምረው የለም።»

ያን እርጋታ እኔ ነኝ ያሠለጠንኩት። ሰው የሙያዬን ፍሬ ሲያነሣልኝ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው፣ አንገቴንም የሚያስደፋኝ እሱ ነው።

ከክበቡ በር ላይ ሁለት ሰዎች ጠብቀው በላንድሮቨር ወሰዱት። ጋሽ ከድር ወረቀቱን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

በወሩ «ለንቁ ተሳትፎ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አልቀበልም ማለት ይቻል ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አላውቅም፣ አልሞከርኩም። ጨብጬ፣ አጎንብሼ፣ ተጨብጭቦልኝ ወረድኩ። የመሥሪያ ቤቱ ዕድገት ግን አልመጣም።

አዲስ የመጣው ሥራ አስኪያጅ ጽዳቱን ወደ ፈረቃው መጨረሻ መለሰው። ሮለር መሰበር ጀመረ።

እኔም ፊሽካዬን እየነፋሁ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሴቶቹ ይሰለፋሉ፣ ያልኳቸውን ያደርጋሉ። ጆንያው ላይ ሲጋደሙ እንደ ልማዴ «ወገብሽ እንዴት ነው? እግርሽስ?» እላለሁ። «ደህና ነው።» ሁሏም ደህና ናት። ስትነሣ ግን ግድግዳ ይዛ ነው የምትነሣው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ በስተኋላዬ ምን እንደሚሉኝ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። «ጸሐፊው» ይሉኝ ነበር።

ጋሽ ከድርን ከሥራ ሲወጡ ጠብቄ «ጋሼ፣ አስቤ አይደለም፣ ልጠቅመው ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ተንኮለኛ ብትሆን ኖሮ ይሻለን ነበር፣ ከተንኮለኛ እንጠነቀቃለን።» ከዚያ የሚስታቸው ሱቅ ሳይዘጋ ለመድረስ እየተጣደፉ ሄዱ።

ሳሙኤል ከዓመት በላይ ታስሮ ተፈታ። ሥራ አልተመለሰም። ዊንጌት አካባቢ ካለው ቤቱ ተቀምጦ ራዲዮ ይጠግናል ሲሉ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ እስከ አጥሩ ሄጄ ተመለስኩ። በአራተኛው በማለዳ ሄድኩ፣ ያኔ በምንገናኝበት ሰዓት። ላንኳኳ አላንኳኳ ስል በሩ ተከፈተና ራሱ ወጣ። የሸራ ጫማ አድርጓል። ከስቷል፣ ጸጉሩ ነጥቷል፣ ጀርባው ግን ቀጥ ያለ ነው።

«ይሄዳሉ?» አልኩት።

«በየቀኑ» አለ። «እዚያም እሄድ ነበር። የነበረችኝ አራት እርምጃ ናት፣ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ሄጄ እመለሳለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ነበርን። በኋላ ሌሎቹም ተራ ይዘው መሄድ ጀመሩ፣ ተራውን የማወጣው እኔ ነበርኩ። ማንም አልተጣላም።» ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ። «ያስተማርከኝ ነገር አትርፎኛል። ይህን ልነግርህ ስለሚገባ ነው የነገርኩህ።»

ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን የድሮው አመሌ ነው።

«እንቅልፍስ እንዴት ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ ደስ ባለኝ።

«እሱን አልነግርህም» አለ። «አንተ በዚያ ሂድ፣ እኔ በዚህ እሄዳለሁ።» ዳገቱን ይዞ ወጣ። ፍጥነቱ ልክ እንደ ደንቡ ነበር፣ ሰው ቢኖር እያወራ የሚወጣበት ፍጥነት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቼ በጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት አሠልጣኞች አልፎ አልፎ ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ይህን ነው። የዘወትር እንቅስቃሴ ጭንቀት ያስታግሳል፣ ቁጡ አለቃን ሰሚ አለቃ ያደርጋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰልጣኛችሁ እያለከለከ የነገራችሁን ግን አትጻፉ። ከጻፋችሁ እሱ ያንብበው። ከእሱ በቀር ለማንም አትስጡ።